በኃይሉ ጫካ ውስጥ የደበቀው ቆርቆሮ

ታሰረ ነው ያሏችሁ? ኧረ ተዉ። በኃይሉስ አልታሰረም። ቤተክርስቲያን ደጃፍ ቆመው የሚያወሩት ግማሹን ከራሳቸው እየጨመሩ ነው። የደን ጠባቂዋ ክንዱን ይዛ ከቁጥቋጦ ውስጥ ስታወጣው ታይቷል፤ እሱ ልክ ነው። ግን መታሰር ሌላ፣ ይሄ ሌላ። መታሰርማ ምን አለበት፣ ስንቱ ጨዋ ታስሯል።

ነገሩን ከሥሩ ነው መያዝ። በኃይሉ ማለት የሠርክ ባል፣ ያ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ መኪኖቹን የሚያሰማራው ነው። ያኛው ወደ ሰሜን፣ ይሄኛው ወደ ኤርፖርት እያለ ሲያዝ ሸበተ። ናይሮቢ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲኖር መንገድ ጠይቆ አያውቅም። ጠፍቶም ቢሆን አይጠይቅም። አንዴ ካሳራኒ ለቀብር ወጥተን ለሠልስቱ ደረስን ትላለች ሠርክ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ላርስ የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ይሄ እንግዲህ ስልክ ገና ካርታ ሳይማር በፊት ነው። ላርስ ከሳተላይት ጋር የምትነጋገር፣ መዳፍ የማትሞላ መንገድ አሳዪ መሣሪያ ነበረችው። አዲስ ሲገዛ አሮጌዋን ለበኃይሉ ሰጠው፣ ከነጨዋታዋ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ሰው ቆርቆሮ ውስጥ ትንንሽ ነገር ይከትና ድንጋይ ሥር ወይ ግንድ ውስጥ ይደብቃል፣ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በመሣሪያው ተመርቶ ያገኘዋል፣ ስሙን ይጽፋል፣ አንድ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ ይተዋል። በቃ ይሄው ነው። ብርም የለው፣ ዋንጫም የለው።

ሠርክ ስትሰማ የሰው ዕቃ ጎርጓሪ ሆንክልኝ አለችው። ማን ሰምቷት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባርኔጣውን ደፍቶ ይወጣል፤ ከላቪንግተን ሰፈር አጥር ሥር፣ ከድልድይ ጎን፣ ከነዳጅ ማደያ ጀርባ እየለቀመ ይመጣል። የቁልፍ መያዣ፣ የላስቲክ ዳይኖሰር፣ አንድ እግር የሌላት አሻንጉሊት፣ ቡፌው ሞላ። ቢሮ ገብቶ ያልደረስኩበት የለም እያለ ሲጎርር ላርስ አንድ ቃል ጣል አደረገበት።

«የሁሉም ቤት በላህ። ያንተ ቤት የት ነው?»

ፈረንጁ ቀልዱን ነው። ግን ሐበሻን እንዲህ ይሉታል? ሰው ሳይጋብዝ እሑድን አሳልፎ የማያውቅን ሰው፣ ሁሌ ተጋባዥ? ያን ቀን ማታ ለሠርክ፣ ፈረንጅ ሁሉ ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ አላት። ካላስቀመጠ ቢሮ ቀና ብሎ መግባት ቀረ ማለት ነው።

ስለ ቦታው አላመነታም። ከከተማው ዳር ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ፣ ሥሩ እንደ ዋሻ የተቦረቦረ አንድ ትልቅ ሾላ ያውቃል። ሠርክን እንግዳ ይመጣል ብሎ ዳቦ ቆሎ አሠራትና የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞላ። ከላዩ የአገር ቤት ፖስት ካርድ፣ ከዚያ ላይ ስሙና ሥራው ያለበትን ካርድ አስቀመጠ፤ ማን እንደጋበዛቸው ይወቁ ብሎ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጁ ሳምራዊት አይታ ደነገጠች።

«ዳዲ፣ ፉድ እኮ አይፈቀድም። ሩልስ አለው። ፓርክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፐርሚሽን ትጠይቃለህ።»

«እንግዳ በባዶው ሸኝ የሚል ሕግ የኔ አይደለም» አላት። ፈቃዱንማ ሳቀበት። ፈቃድ የሚጠየቀው ለመውሰድ ነው እንጂ ለመስጠት ማን ይጠይቃል?

ሄዶ ደበቀውና ቁጥሩን ላከ። ኢንተርኔቱ ላይ የሚያጣሩት ሰዎች መለሱለት፦ ቦታው ጥብቅ ደን ነው፣ ጠባቂዎቹ ካልፈቀዱ አናወጣውም። ላርስ ደግሞ ኮሪደር ላይ ባገኘው ቁጥር ቤትህ አልተሠራም እንዴ ይለዋል። ምን ያድርግ? ኮቱን ለብሶ ደኑ በር ላይ ወዳለው ቢሮ ሄደ። ገና ሊያስቀምጥ ያሰበ መስሎ ሊጠይቅ።

የደኑ ኃላፊ ማማ ንጄሪ ናት፤ ላስቲክ ቦት የምታደርግ፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ያንኑ ዓይነት ካርድ ሰጣት፣ ኪሷ ከተተችው። ስዋሂሊውንማ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው፤ አስረዳት። ሐሳቡን ወደደችው፤ ሰው ደኑን ይይልን አለች። ግን አይቀበርም፣ ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም፣ ከመንገድ አስወጥቶ ቡቃያ የሚያስረግጥ ቦታ አይሆንም። የሚበላ ደግሞ በጭራሽ።

«የሰው ምግብ የቀመሰ ጦጣ ነገ ቦርሳ ይቀማል፣ ከነገ ወዲያ ልጅ ይነክሳል። ያኔ ተኩሰን የምንገድለው እኛ ነን፣ ምዜ።»

ምዜ ማለት እንግዲህ አባባ እንደማለት ነው። እሱ ሆዬ እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ አላት። እሷም፣ እንዲያ ከሆነ ያሰብክበትን ቦታ አሳየኝ ብላ ብድግ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ ዛፍ ሊወስዳት ይችል ነበር እንዳትሉኝ፤ መንገድ ላይ በኃይሉ ሐሳብ ቀይሮ አያውቅም። ሾላው ጋ ሳይደርሱ ገና፣ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ሰሙ። ጦጦቹ መንገዱን ሞልተው ተቀምጠው ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እንደ ማኅበርተኛ። ምን አግኝተው ነው አለች፤ የጫካ ፍሬ ይሆናል አላት። አንዲት ግልገል አፏ ውስጥ የያዘችውን ወረቀት ጣል አድርጋ ዛፍ ላይ ወጣች። ማማ ንጄሪ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ኪሷ ገብታ ያንን የሰጣትን ካርድ አወጣች፣ ጎን ለጎን ያዘቻቸው። አንዱ ጥግ ጥጉ ተበልቷል እንጂ ያው ናቸው።

«ሙከራ ነበር» አላት፣ ፊቱን ሳይቀይር።

አልሳቀችም። ከነኮቱ አንበርክካ ከሣሩ ውስጥ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ አስለቀመችው። ሲጨርስ ነው የፈረደችው፦ ጫካው ውስጥ አይሆንም፤ በሩ ጋ፣ ቢሮዬ መስኮት ሥር ካለው ድንጋይ ጎን አስቀምጥ። ምግብ ካየሁ ግን ቆርቆሮውም አንተም ትወጣላችሁ። ቤት ገብቶ ለሠርክ ምን ቢላት ጥሩ ነው? የክብር ቦታ ሰጡኝ።

ይኸው ቆርቆሮው ዛሬም እዚያው አለ። ላርስም ከዚያ ወዲህ ቤትህ የት ነው ብሎት አያውቅም፤ በልቶ ወጥቷላ። የት? ማማ ንጄሪ ቢሮ ውስጥ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ አንዲት ፍሬ ውጭ እንዳትወድቅ እየተባለ። እሷም ዘገነች አሉ።

እዚያ ቢሮ እንዴት እንደገቡ ነው እንግዲህ እሱ የማያወራው። ቁጥሩ በወጣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላርስ ከሚስቱ ጋር እንደሚመጣ ሰምቷል። ባዶ ቆርቆሮ ሊያስከፍታቸው ነው? አሰበና መላ አገኘ፤ ምግብ የተከለከለው ለቆርቆሮው ነው፣ በእጅ አይያዝ አልተባለም። ዳቦ ቆሎውን በሳህን ይዞ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሶ፣ ከድንጋዩ ኋላ ካለው ቁጥቋጦ ገብቶ ቁጢጥ አለ። የላርስ ሚስት ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን ስታነሳ፣ አፍንጫዋ ሥር አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከእሾህ ውስጥ ብድግ። ደስታው እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም አጥፍቶበት፣ በአማርኛ፦

«ብሉ! በሞቴ ብሉ!»

ሴትዮዋ ቆርቆሮውን ግንባሩ ላይ ወርውራ ጮኸች። ማማ ንጄሪ ሮጣ መጥታ ክንዱን ይዛ ወደ ቢሮዋ ስትጎትተው፣ ሱሪው እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ እሱ ሳህኑን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አይደለም እኮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አይደለም ይላል።