መጀመሪያ ከመዳፍህ ቅመስ

የአክስቴ ልጅ አንበሳሜ ላይ መጠጥ ቤት ሊቀጠር ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ወረታ መጥቶ ነበርና የሚሳፈርበት የጭነት መኪና እስኪሞላ አጠገቤ ቆሞ «ምን ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። እሱ የሚያሳልፈው ቢራና አረቄ ነው፤ እኔ የማውቀው ጠጅ ብቻ ነው። ቢሆንም የማውቀውን ነገርሁት። ዕቃውን ወገቡን ይዘህ አንሣ፤ ጣትህን ከአፉ አታስጠጋ። የጠጣ ሰው ሲሰድብህ አትመልስለት፤ የሚመልስለት ሌላ የጠጣ ሰው አይጠፋም። የቀበሌ ሰው ሲገባ ወሬው ወደ ከብትና ወደ ዝናብ ይዞራል፤ አንተ የወሬውን መዞር እንዳላየህ ሆነህ ቅዳ። ይህን እያልሁት መኪናው ተነሣ። ዋናውን ሳልነግረው ሄደ፤ ዋናው ረዘም ይላል።

ወደ ጠጅ ቤት የላኩኝ የኔታ ናቸው። ከፊደል እስከ ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ከዳዊት በኋላ ዜማ ስጀምር ድምፄ እምቢ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ብቻዬን እያነበብሁ፣ ያገኘሁትን ሥራ እየሠራሁ ቆየሁ። በሰኔ መግቢያ የኔታ አስጠሩኝ።

«ከመገንጠያው በላይ ያለችዋን ጠጅ ጣይ ታውቃታለህ? አሳላፊዋ ትዳር ይዞ ደብረ ታቦር ሄዶባታል። ሂድና አሳልፍላት» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ ከሰው ጋር መጫወት አላውቅም።»

«ተጫወት ማን አለህ? ቅዳ ነው ያልሁህ።» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «አንተኮ እንኳን ለመዋሸት ለዝምታም የሚሆን ፊት የለህም። የሚሰማህ ሁሉ ይነበብብሃል» አሉኝ። ስድብ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የቤቱን ባለቤት ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ያ ቤት ብቻ ነው፦ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ ጓዳ ውስጥ ሦስት ጋን፣ መደርደሪያው ላይ አንገታቸው የቀጠነ ብርሌዎች። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማጠብን ነው። የብርሌ አንገት ጣት አያስገባም። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃና አንድ እፍኝ ያልተፈተገ ሩዝ ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ የሩዙ ገለባ ውስጡን ፍቆ ያጠራዋል። ሩዝ ለፎገራ ሜዳ አዲስ እህል ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ አድሎት ብዙው ሰው ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር። እትዬ ግን «እንጀራ መሆን ካቃተው ብርሌ ማጠቢያ ይሁን» አሉ።

ቀጥሎ መቅዳት። ጠጁ እንዳይንቦጫረቅ በብርሌው ጎን ይወርዳል፤ አንገቱ ሲጀምር ይቆማል። በቀኝ እጅ ይሰጣል፤ ግራው የቀኙን ክርን ይደግፋል። ካህን ካለ ከካህን ይጀመራል፤ ከሌለ በዕድሜ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ከመዳፍ ይቀመሳል። አሳላፊው ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት ከማንቆርቆሪያው በግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየ ይጠጣል። መጠጡ ንጹሕ ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው። የድሮ ሥርዓት ነው፤ በከተማው ያሉ ሌሎች ቤቶች ትተውታል። እትዬ አጥብቀው ይዘውታል፤ ደግሞም «ወደ እኔ ዞረህ ቅመስ» ይሉኛል።

«ወደ እንግዳው አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

«እንግዳውም ያይሃል፤ እኔም ልይህ።»

በርጩማቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ከፊቴ አይነቅሉም። ቅንድቤ ትንሽ ከተሰበሰበ «መልሰው፣ መልሰው፤ ገና ነው» ብለው ማንቆርቆሪያውን ወደ ጓዳ ያስመልሱኛል። ጥንቁቅ ሴት ናቸው፤ ለእንግዳ ያላቸው ክብር ነው ብዬ ነበር።

አንድ ከጎንደር የሚመላለስ ሹፌር በዝምታዬ መቀለድ ይወድ ነበር። «እትዬ፣ ይኼን ልጅ ከየት አመጡት? ምላስም የለው እንዴ?» አለ አንድ ቀን።

«ምላስማ የእሱ ነው» አሉ እትዬ። «ያንተ ለወሬ ነው፤ የእሱ ለሥራ።»

«በሉ እንግዲያ ለወሬው እኔን ይቅጠሩኝ!»

ቤቱ ሁሉ ሣቀ። እትዬ አልሣቁም፤ እኔን ነበር የሚያዩ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ኩራዙ ተገልብጦ ላምባው ከማሩ እንስራ ሥር ሲፈስ፣ እትዬ እዚያው አጠገብ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ከደጅ ስገባ የሸተተው እኔን ነው። «እርጅና ነው» አሉና ሣቁ። እኔም ላምባውን ወለወልሁ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። የኪዳነ ምሕረት የጽዋ ማኅበርተኞች ለበዓሉ አንድ ጋን ጠጅ ከእትዬ አዘዙ። የማኅበር ጠጅ እንደ ሌላው አይደለም። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ከአንድ ጋን ይጠጣሉ፤ ጥሩ ከሆነ የጣይዋ ስም ይነሣል፤ ከተበላሸም ዓመቱን ሙሉ ይወራል።

የበዓሉ ዋዜማ ቀን ነበር፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ነበር። ማኅበርተኞቹ እኩለ ቀን ላይ ጋኑን ሊወስዱ ነው። እትዬ እኩለ ቀን ሲቃረብ ከጓዳ ተጣሩ።

«ና ቅመስልኝ።»

«እትዬ፣ ጾም ነው እኮ። ቅዳሴ አልወጣም።»

 ሌላ ጊዜ በጾም የምቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ይህ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ጭልፋውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት።

«እንግዲያ እኔው ልቅመሰው» አሉ በመጨረሻ። «እኔንስ የነፍስ አባቴ ለሕመሜ ፈቅደውልኛል።»

የጋኑን ክዳን ሲያነሡ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሽታው እዚያው ድረስ መጣና አፍንጫዬን መታኝ። ኮምጥጧል። ቀና ስል ከጣራው ላይ ጠብታ ሲወርድ አየሁ፤ ሰሞኑን ሁሉ ክዳኑ ላይ ሲንጠባጠብ ሰንብቶ ወደ ውስጥ ሰርጓል። እትዬ ግን ጨልፈው ጎንጨት አደረጉና «እሰይ! ማር ሆኗል!» አሉ።

የቀለዱ መሰለኝ። አየኋቸው። እሳቸው ጠጁን አያዩም፤ ፊቴን ያያሉ። ፊቴ ላይ ያነበቡት ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ።

ጭልፋውን አነሣሁና ክዳኑን መለስሁት። እትዬ ግድግዳውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኋቸው።

«ከጥምቀት ጉንፋን ወዲህ። አፍንጫዬም ምላሴም አንድ ቀን ሄዱ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሁለት ጊዜ ሄጄ ታጥቤያለሁ፤ ጠበልም ጠጥቻለሁ። ማሩም ውሃውም ለእኔ አንድ ነው።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ልጄ፣ ይኼ ቤት የቆመው በምላሴ ነው። ጠጅ ጣይዋ ጣዕም አታውቅም ከተባለ ማን ይመጣል? ያለ እሱ ምን አለኝ?»

 እንኳን ያኔ አሁንም እንዲህ ላለው ነገር ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። ሄጄ የሁለተኛውን ጋን ክዳን ከፈትሁ። ሽታው ንጹሕ ነው። ግን ሽታ ብቻውን አይታመንም፤ ጌሾው በዝቶበት ሽታው የሚያምር ጠጅ አለ።

ያን ጊዜ ማኅበርተኞቹ መሸከሚያቸውን ይዘው ደረሱ። «በሉ እትዬ፣ ጋኑ የታለ?» አሉ። እትዬ ከጓዳ መውጣት አቃታቸው። እኔ በሩ ላይ ቆምሁ።

«ከቅዳሴ በኋላ ኑ» አልሁ። «ጠጅ ሳይቀመስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ቀማሹ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ።»

ከመካከላቸው አንዱ «ወይ ጉድ! ዲዳው ተናገረ!» አለ።

«ተናገረ ብቻ? አዘዘን እንጂ!» አለ ሌላው። እየሣቁ ተመለሱ። ለበዓል ጠጅ ጾሙን የሚጠብቅ ቀማሽ ማግኘት ብርቅ ነውና ነገሩ ደስ ሳያሰኛቸውም አልቀረ።

ቅዳሴ ወጣ። አፌን ተጉመጠመጥሁ፤ ከሁለተኛው ጋን በመዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ወደ እትዬ ዞርሁ። ዋጥሁ። እትዬ ፊቴን አዩና «ተመስገን» አሉ፤ ቃል ሳይወጣኝ። ማኅበርተኞቹ ያንን ጋን ወሰዱ። የኮመጠጠውን ከቤቱ ኋላ ካለው ቦይ ደፋሁት፤ ጣራውንም በዚያው ቀን ደፈንሁት።

በዓሉ አልፎ በማግሥቱ የኔታ ወደ ጠጅ ቤታችን መጡ። እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቀምሼ ቀዳሁላቸው። ሌላ እንግዳ አልነበረም።

«የትናንቱ ጠጅ ተመሰገነ» አሉ ለእትዬ። «እኔም ደስ አለኝ። ከጥምቀት እስከ ሰኔ ያጠጣሽኝን ግን አምላክ ለጽድቅ ይቁጠርልኝ።»

እትዬ ደነገጡ። «የኔታ፣ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? አንዳንዱ ቀን ሆምጣጤ ነበር፤ አንዳንዱ ቀን የጌሾ መረቅ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበል? ብናገር ሌላው ይሰማል። ብቀር ሌላው ይከተለኛል። ስለዚህ መጣሁ፤ ጠጣሁ።» ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «ሆዴ ግን አልቻለም። ሰኔ ሲመጣ ይኼን ልጅ ላክሁልሽ። ፊቱ እንደማይዋሽ የማውቀው ዳዊት ሲያነብ ሲሳሳት እያየሁት ነው፤ ሳይናገር ስሕተቱ ግንባሩ ላይ ይጻፍ ነበር።»

እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሣቁ፤ ምናልባት ሣቅ ብቻ አልነበረም። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ ሳልነግረው የቀረሁት ይህ ነው። አረቄም ሆነ ቢራ ከምትቀዳው ነገር ቀድመህ ቅመስ፤ ስትቀምስም ፊትህን አትደብቅ። ፊትህን አይተው የሚቀምሱ ሰዎች ይኖሩ ይሆናል።

እትዬ አሁንም ጠጅ ይጥላሉ። እጃቸው ልኩን አልረሳም፤ የምቀምሰው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ፊቴ ብቻ አልበቃቸውም። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቤቱን ዘግተን ስንቀመጥ፣ ከአዲሱ ጠጅ ለሁለታችንም እቀዳለሁ። እሳቸው ብርሌያቸውን ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«በል ንገረኝ» ይላሉ።

እኔም ቃል እፈልጋለሁ። «ማሩ የአደይ ነው» እላለሁ፤ «መጀመሪያ ከንፈር ላይ ይጣፍጣል። ቀጥሎ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ጌሾው ከኋላ ነው የሚመጣ፤ መሮ አይቀርም፣ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ሙቀት…»

«ቀስ በል» ይሉኛል ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ገና እየዋጥሁ ነው።»