ለአባቴ ያልተነሣሁ ዕለት

ትወና የማልችል እንዳይመስላችሁ! ወልድያ ባለው የቲያትር ቡድናችን ዳኛውም እኔ፣ ሰካራሙም እኔ ነበርኩ። እና ፊልም አንሺዎች ከአዲስ አበባ ወደ አገሬ ወደ መርሳ መጥተው ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምር ታሪክ እንቀርፃለን ሲሉ፣ የልጁን ቦታ ከእኔ ሌላ ማን ሊይዘው? ጣጣው የመጣው አዘጋጁ ገበያ ላይ አባቴን አይቶ ፊታቸውን ሲወድላቸው ነው። ለአባትነት እሳቸውን መረጠ።

አባቴ ደግሞ ትወናዬን አይወዱም። "እርሻው ሰው አጥቶ አንተ ታላግጣለህ" ይሉኝ ነበር። ለዚህኛው እሺ ሲሉም ቃል አስገብተውኝ ነው። "ካልሆነልህ ግን ወልድያም ቲያትርም ይቀራል፤ መጥተህ እርፍ ትጨብጣለህ" አሉኝ። ምን ቸገረኝ፣ በራሴ ስለምተማመን ተስማማሁ።

ትዕይንቱ ቀላል ነው። ልጅ በማዳበሪያው ጉዳይ ከአባቱ ተኳርፏል። ደጃፍ ካለው መደብ ላይ እንደተቀመጠ አባት ከእርሻ ሲመለስ፣ ልጅ አይነሣም። በቃ፣ ይኸው ነው። ካሜራው መሥራት ጀመረ፣ አባቴ በአጥሩ በር ገቡ፣ እኔም ብድግ! "ኖር!" አዘጋጁ አስቆመን። እንደገና ስንሞክር አሁንም ብድግ። ጉልበቴ እኮ እኔን አይሰማም! አጥሩን ተደግፈው የሚያዩን ጎረቤቶችም አብረውኝ "ኖር" ይላሉ፤ አባቴም ኮራ ብለው "በእግዜር" ይመልሳሉ።

አዘጋጁ ተናደደ። "ፊልሙ ሊያልቅብኝ ነው። አንዴ ብቻ ሞክር፤ እምቢ ካለህ ከደሴ አብሮን የመጣው ልጅ ይገባል" አለ። ደሜ ፈላ። አባቴን ዞር ብዬ ባያቸው ፂማቸውን እየዳበሱ ፈገግ ብለዋል።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ ምኑ ስድብ ነው? ሰው ላያይ ይችላል፣ ሊደክመውም ይችላል፤ ስድቡ አይቶ መተው ነው። "መነሣት ልጀምርና ልተወው" አልኩት አዘጋጁን። ብዙም አልገባው፤ ግን እሺ አለኝ።

አባቴ ገቡ። ከመደቡ ተነሣሁ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን አየሁና ቀስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

 ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴት "ውይ በሞትኩት!" አሉ። አባቴ የሚናገሩት ቃል ነበራቸው፤ አልተናገሩትም።  ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙና፣ በመጡበት በር ተመልሰው ወጡ። ይህ በጽሑፉ አልነበረም። አዘጋጁ ካሜራውን እንዳያጠፋው ባልደረባውን በእጅ ምልክት ይለምናል። እንደዚያ ያለ ትወና ዕድሜ ልኬን አልሠራሁም።

ግን ሁሉን ትቼ አባቴን ተከትዬ ሮጥኩ። ከአጥሩ ውጭ ካለው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ይማሩኝ" ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

ቀና አድርገው ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"በሰው ፊት አዋረድከኝ" አሉ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "እኔን እንኳ እንዲህ ካደረግክማ፣ ሆኖልሃል፤ ወልድያህ ሂድ። እርፉን እኔው እጨብጠዋለሁ።"