ለኋለኛይቱ ማን ነገራት

የያዙኝ ማሾ ማሳዬ ውስጥ ነው። መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን በደጄ ላለፉ ታጣቂዎች ውሃ አጠጥተሃል አሉኝ። አጠጥቻለሁ፤ ውሃ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሸዋ ሮቢት ወስደው አንድ የድሮ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ።

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ወለሉ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። መስኮት የሚባል የለውም፤ ጣሪያው ላይ ግን ሚስማር የወለቀበት አንድ ቀዳዳ ነበር። በሱ የምትገባው ጮራ ጠዋት ከግድግዳው ትነሳና ቀስ እያለች ወለሉን ታቋርጣለች። እኔ የዙህር ሶላት መድረሱን የማውቀው በሷ ነው። ሰው እግር ላይ ስትደርስ ሰውየው እግሩን ይሰበስብላታል። ማንም አላዘዘንም፤ እንዲሁ ለመድን።

ከጎኔ የሚተኛው የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ክርስቲያን ነው፣ ዝምተኛ። አንድ ቀን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ላይ በምላጭ ስባሪ ሁለት ስንጥቅ አጠጋግቶ አወጣና ጮራዋ ላይ ያዘው።

«ጋሼ፣ ግድግዳውን ይዩ።»

ሁለት መስመር ይሆናል ስል፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ብዙ ደብዛዛ ሰረዝ ነው።

«ማሾ በሁለት ቀዳዳ ቢያፈሱ ስንት ክምር ይወጣዋል?»

«ሁለት ነዋ። ይሄንንም ተምረህ ነው?»

ሳቀ። «ብርሃንም እንደ ማሾ ፍሬ ፍሬ ነው። አንዷን ፍሬ ለብቻዋ ቢለቋት፣ ቆይተው ሌላዋን፣ ቆይተው ሌላዋን፣ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ይኸው ሰረዝ ነው።»

«ታዲያ የፊተኛይቱ የት እንዳረፈች ለኋለኛይቱ ማን ነገራት?»

ወረቀቱን ከጮራዋ አወረደ። «ሊቃውንቱ ስሌቱን ይሠሩታል። ማን ነገራት ሲባል ግን አይስማሙም። እኔ የሠራት ነው የነገራት እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። እኔም ስዘራ እበትናለሁ እንጂ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አላህ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጮራዋ ውስጥ የሚዋኘውን አቧራ ሳይ፣ እያንዳንዱ ተልኮ የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። እሱን ስከተል ቀኑ ሳላውቀው ይመሻል።

በሳምንቱ መርማሪው ጠራኝ። ልጄ የሚሆን ነው፤ አንተ ይለኛል። የተጻፈ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ።

«አስተማሪው እስረኛውን ለአመፅ ሲያነሳሳ ሰምተሃል። አሻራህን አድርግና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ማሾህ ደርሷል አሉ።»

እውነቱን ነው፣ ደርሷል። ማሾ በጊዜው ካልለቀሙት ቅርፊቱ ፈንድቶ ይረግፋል። እኛ ደግሞ ሌላ ማሳ የለንም።

«የሰማሁት ስለ ብርሃን ነው» አልኩ።

«የምን ብርሃን?»

«የፀሐይ።»

«ሽማግሌ፣ አታሹፍ።»

«ወላሂ አላሾፍኩም። እስክሪብቶውን አምጣው።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኳት ፊደል፣ እያላበኝ ጻፍኩ፦ አመፅ አልሰማሁም የሰማሁት ስለ ብርሃን ነው። አሻራዬን እዚያ ላይ አሳረፍኩ።

«ማሾህ ይርገፋ እንግዲህ» አለኝ።

ስመለስ አስተማሪው ምን ጠየቁዎት ብሎ ለመጠየቅ ፈርቶ ያየኛል። «ስለ ፀሐይ ነው የተጨዋወትነው» አልኩት።

ማሾው ረገፈ። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። አስተማሪውን ከኔ በፊት ለቀቁት፤ አሻራውን የሚያደርግላቸው አላገኙም መሰለኝ።

አሁን የቤቴ ቆርቆሮ አንድ ቦታ ተበስቷል። ባለቤቴ በቅጥራን ድፈነው ትለኛለች። ሲዘንብ ጣሳ አስቀምጥለታለሁ እንጂ አልደፍነውም። ጮራዋ እግሬ ላይ ስትደርስ፣ ዛሬም እግሬን እሰበስብላታለሁ።