የቆረበ በረኛ

በረኛ ሆኜ በተጫወትኩበት ዘመን ከገቡብኝ ጎሎች ዛሬም አንድ በአንድ የማስታውሳቸው ሦስት ናቸው። ሦስቱንም ያገቡብኝ የወገዳ ከተማ ተጫዋቾች ናቸው፤ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማችን በመካነ ኢየሱስ፣ በከብት ገበያው ሜዳ ላይ። ከባድ ኳሶች አልነበሩም። ደህና በረኛ ቢሆን ሦስቱንም ይይዛቸው ነበር። እኔ ግን በዚያ ቀን ጠዋት ቀድሼ ቆርቤ ነበርና መውደቅ አልቻልኩም።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ሩቅ መንገድ አይሄድም፣ ላብ እስኪያጠምቀው አይሠራም። ከሁሉም በላይ ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል። በረኛ ደግሞ ካልወደቀ በረኛ አይደለም፤ በዚያ ጠጠር ሜዳ ላይ ከወደቀ ክርኑ ወይ ጉልበቱ መድማቱ አይቀርም። ስለዚህ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትመጣ ወደ ቀኝ እራመዳለሁ፣ ወደ ግራ ስትመጣ ወደ ግራ እራመዳለሁ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ መካከል ቆሜ ላየኝ ሰው ለቅሶ የመጣሁ እመስል ነበር። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። አምበላችን የሂሳብ አስተማሪያችን ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ የከተማ ልጅ። «ምን ሆነሃል አንተ? መሬቱ ይበላኛል ብለህ ፈራህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ብነግረው ወይ ይስቅብኛል ወይ ከቡድኑ ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁ።

ቡድናችን ሁለት አስተማሪዎች፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊና ጢም ያወጣን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰባሰብንበት ነበር። ጫማ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ ንፋስ መውጫና አርብ ገበያ ከጥምቀት በኋላ ጀምረው እስከ ግንቦት እንዲጋጠሙ፣ እያንዳንዱም ከሌላው ጋር አንዴ በሜዳው አንዴ በሰው ሜዳ እንዲጫወት አስተማሪዎቹ ተስማሙ። ለአሸናፊው አንድ የነሐስ ዋንጫ ተዘጋጀ። መጠኑ ከጠላ ጣሳ አይበልጥም። እኛ ግን በዚያ ወራት ከእሱ ሌላ የምናስበው ነገር አልነበረንም።

እኔ ሌላ ላስብበት የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። ቤታችን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ያስኬዳል፤ አባቴ የሚያርሰው ትልቁ መሬት የደብሩ የሰሞን መሬት ነበር። ከቤታችን አንድ ዲያቆን መቅደስ ገብቶ እስካገለገለ ድረስ እናርሰዋለን፤ አገልግሎቱ ከጎደለ ደብሩ ነጥቆ ለሌላ አገልጋይ ይሰጠዋል። አያቴ አገለገሉ፣ ከዚያ አጎቴ እስኪሞት አገለገለ። አባቴ በልጅነቱ ዓይኑን ታሞ ትምህርቱን አልዘለቀም። ወንድ ልጁ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ገና በሰባት ዓመቴ የቤተ ክህነት ትምህርት ወደሚሰጥበት ቤተ ልሔም ደብር ወስዶ ለመምህር ሰጠኝ፤ ለምኜ እየበላሁ ተምሬ ዲያቆን ሆኜ ተመለስኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልግባ ስለው የፈቀደልኝ በአንድ ቃል ነው፤ «እሑድ መቅደስ እንዳይጎድልብህ»።

ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። እኛ በደብሩ የነበርነው አራት ዲያቆናት ነን። በየእሑዱ ሦስታችን እንገባለን፣ አንዱ በተራው ያርፋል። ከአራቱ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ፣ ቤተ ልሔም አብሮኝ የለመነ ጓደኛዬ ነበር። ከወገዳው ሽንፈት በኋላ እሱን ፈልጌ ሄድኩና፣ ለጨዋታ ስሄድ የእረፍት እሑዱን እንዲሰጠኝ፣ እኔም በሌላ እሑድ እንድከፍለው ተስማማን። በሜዳችን የምናደርገው ጨዋታ ገበያተኛው እንዲያይልን ወደ ቅዳሜ ተዛውሮ ስለነበር የሚያስቸግሩኝ የሰው ሜዳዎቹ ብቻ ነበሩ።

አርብ ገበያ ላይ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ያን ቀን እንደ ልቤ ወደቅሁ፣ እንደ ልቤም ተነሣሁ። አልቆረብኩምና ምራቄን በየደቂቃው እተፋ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ስመለስ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። በሕይወቱ ኳስ ሲጫወቱ አይቶ አያውቅም።

«ስንት ለስንት?» አለኝ።

«አንድ ለዜሮ።»

«አንዱ የማን ነው?»

«የኛ ነዋ!»

«እሰይ! እንግዲያ በከንቱ አልገባሁልህም» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከየጨዋታው ስመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። ንፋስ መውጫን በሜዳችን ሁለት ለአንድ ስናሸንፍም፣ የአንዷን ጎል ታሪክ ሦስት ጊዜ አስነገረኝ።

ዐቢይ ጾም ገባና ኳሱ ቆመ። ከፋሲካ በኋላ ወገዳ ሄደን አንድ ለአንድ ወጣን። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩን መሬትና አገልግሎት የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ፣ አባቴንና እኔን ደጀ ሰላሙ በር ላይ አቆሙን።

«ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ። «መሬቱን የሚያርሰው አባትህ፣ መቅደስ የሚገባው የጎረቤት ልጅ ሆኗል። ዝም ያልሁት ቅዳሴው ስላልጎደለ ነው። ባንተ ምክንያት አንድ እሑድ ቢታጎል ግን እኔ ዝም ብል ደብሩ ዝም አይልም።»

«እሺ አባ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። አባቴ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ቤት ስንደርስ ብቻ «ሰማህ አይደለም?» አለኝ። ሰምቻለሁ።

አርብ ገበያዎችን በሜዳችን አራት ለዜሮ ሸኘናቸው። የቀረን ንፋስ መውጫ ላይ የሚደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። በአንድ ነጥብ እንበልጣቸዋለን፤ እኩል ከወጣን ዋንጫው የኛ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በተከራየናት ክፍል እያደርኩ ከትምህርት በኋላ ልምምድ ላይ ነበርኩ። አባቴ ክረምት ሳይገባ እሾህ ቆርጠህ የጓሮውን አጥር እጠርልኝ ካለኝ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ከጨዋታው በኋላ አደርሳለሁ ብዬዋለሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቡድኑ ተሰብስቦ ጉዞ ጀመረ፤ ንፋስ መውጫ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ሰው በትር ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ጓደኛዬ ነው። ቀኝ እግሩ በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሎ ጉልቻ አህሏል።

«ትናንት መጥረቢያ ስቶ እግሬን መታኝ» አለኝ። «ደሙ አልቆመም። ነገ መቅደስ መግባት አልችልም። ተመለስ።»

ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ። እሱ ከቀረና እኔ ከሄድኩ የሚቀሩት ሁለት ዲያቆናት ናቸው።

«ከጎረቤት ደብር አንድ ዲያቆን ለምንልኝ» አልኩት።

«በዚህ እግሬ?»

«እንግዲያው ለቄሰ ገበዙ ንገራቸው። እሳቸው ሰው አያጡም።»

አምበሉ ከፊት ሆኖ ስሜን ይጣራል። ጓደኛዬ በትሩን ተደግፎ አየኝ። የቄሰ ገበዙን ቃል ረስቼው ነበር ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። እያንዳንዱ ቃል በጆሮዬ ነበር። ዋንጫው ከአባቴ መሬት በልጦብኝም አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያጠፋሁት ጥፋት ሁሉ አንድ ሰው ሸፍኖልኝ ያልፍ ነበር፤ ይኼም ያልፋል ብዬ ሄድኩ።

እሑድ ንፋስ መውጫ ላይ ነፋሱ ኳሷን ወዳሻው ይወስዳት ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ፊታችንን ወደ ነፋሱ አዙረን ስንጫወት ከጎሉ ፊት መራቅ አልቻልንም። ሊያልቅ ሲል ዳኛው ሪጎሬ ሰጠብን። መቺው ረዥም ወታደር ነበር። ወደ ግራ ወደቅሁ፤ ኳሷ ደረቴን መታችኝና ተመለሰች፤ እሷን ለመድገም የሮጠው ሰውዬ በጉልበቱ አፍንጫዬን አገኘኝ። ደሜ ማሊያዬ ላይ ወረደ። ኳሷን አቅፌ መሬት ላይ ተኝቼ፣ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም አልኩ። ዜሮ ለዜሮ። በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን አዞሩኝ።

በዚያው ቀን ጠዋት በደብራችን ሁለት ቄሶችና ሁለት ዲያቆናት ሦስተኛውን ዲያቆን ሲጠብቁ ረፈደ። ቄሰ ገበዙ ሰው ልከው ነበር፤ የጎረቤቱ ደብር ግን ከራሱ የሚተርፍ ዲያቆን አልነበረውም። ሕዝቡ ኪዳን ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በዚያ ደብር ቅዳሴ ሲታጎል አይተው አያውቁም።

ሰኞ ማታ ቤት ስገባ አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸም። ያበጠውን አፍንጫዬን አየና «ውኃ አድርግበት» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ደብሩ ተሰብስቦ ፈረደ። መሬቱ ለጓደኛዬ ቤት ተሰጠ። ታናሽ ወንድሙ ቤተ ልሔም እየተማረ ስለነበር፣ ለመስከረም ድቁና ተቀብሎ ሲመጣ ከዚያ ቤት ሁለት አገልጋይ ይኖራል ተባለ። ለእኛ የቀረችው ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ርስት ናት፤ ገብስ ከሰጠች ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛዬ ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ እግሩ አላስኬደውም አሉ። እኔም በሆዴ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የአንድ ሰዓት መንገድ የመጣ እግር ዛሬ እዚህ ድረስ እንዴት አቃተው አልኩ። ቁስሉን አላየሁም። ያየሁት ጨርቅ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሬ ጠላሁት።

መስከረም ላይ ለመምህርነት ሥልጠና ወጣሁ፤ ከዚያም ጎጃም ተመደብኩ። ጥርጣሬዬን ይዤው ሄድኩ፤ እውነቴን ነው፣ ያኖረኝም እሱ ነው። አባቴን መሬት አልባ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ ከማድር፣ ጓደኛዬ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ አታለለን ብዬ ማደር ይቀለኝ ነበር። አባቴን ልጠይቅ ስመጣ በእሱ ቤት በኩል አላልፍም፤ ስሙም በእኔና በአባቴ መካከል ተነሥቶ አያውቅም። አባቴ የሚያርሰውን አጥቶ ለሌላ ሰው መሬት ለእኩል ሲያርስ አረጀ።

እንዲህ አሥር ዓመት አለፈ። በአንዱ ፋሲካ ስመጣ አባቴ ዓይኑ ጨርሶ ደክሞ አገኘሁት። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት «ለሕጽበተ እግር ውሰደኝ» አለኝ። እጁን ይዤ ሄድኩ። ወንዶቹ በረድፍ ተቀምጠን እግራችንን አዘጋጀን። ቄሱ አንድ ዲያቆን ውኃ እያፈሰሰለት ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ቁጢጥ እያለ ያጥባል፤ ጎንበስ እንዳለ ስለሚመጣ ፊቱን ያየሁት አጠገባችን ሲደርስ ነው። ጓደኛዬ ነበር። ቄስ ሆኗል።

ተነሥቼ ልሄድ ፈልጌ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዟል። ጓደኛዬ ከፊቴ ቁጢጥ ሲል ባዶ እግሩ ከእግሬ ፊት ድንጋዩ ላይ አረፈ። ከአውራ ጣቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ወፍራም ጠባሳ አየሁ። ከጣቶቹ ሁለቱ ተኮራምተው ቀርተዋል።

ጓደኛዬ ጸሎት ሲያደርስ አባቴ ድምፁን ሰምቶ አውቆታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ያ እግሩ ዛሬም ያነክሳል?» አለኝ።

«የትኛው እግሩ?»

«ለኛ አጥር እሾህ ሲቆርጥ መጥረቢያ የመታው ነዋ። አንተ ስትቀርብኝ ጊዜ እሱ መጣልኝ። ጋቢዬን ቀድጄ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። የነገረህ መስሎኝ።»

ጓደኛዬ አንገቱን እንደ ደፋ እግሬን ያጥባል፤ አባቴ ያለውን ይስማ አይስማ አላውቅም። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሲጨርስ ቀና ሳይል፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ያን ጊዜ ስንት ለስንት ወጣችሁ? ሳትነግረኝ ቀረህ።»

«ዜሮ ለዜሮ፣ አባ» አልኩት።

«ዋንጫውስ?»

«ወሰድነው።»

«እሰይ» አለና እግሬን በፎጣው አድርቆ ወደ አባቴ እግር ዞረ።