በሞቴ፣ ይቺን ብቻ

አይናለም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ እዚሁ ለንደን፣ ሆሎዌይ፣ ካውንስል በሚሉት የመንግሥት ቤት። ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት ትሠራለች። ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ ልጇን ማህደርን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ደግነት አይምሰላችሁ፤ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ሰልችቶኝ ነው።

ማህደር ሰባት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አፏ የማያርፍ፣ ምግብ ላይ ግን ክፉኛ የምታስቸግር ልጅ ናት። እናቷም እንደማንኛችንም ታጎርሳታለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን፣ ማሂዬ።» ሌላ ምን ትበላት?

ከገና በኋላ የአይናለም እናት ደሴ ላይ አረፉ። የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ መቅበር አልቻለችም። ለቅሶው ሳይበርድ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፊቷ እየጠቆረ፣ ልብሷ እየሰፋት ሲሄድ አይቼ ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ስለ ቤታችሁ ተናገሩ ትላቸዋለች። የኛዋ ተነሣችና በእንግሊዝኛዋ አንበለበለችው። እናቴ ብዪ ስትለኝ በሞቴ ትላለች፣ አፈር እሆናለሁ ትላለች፣ ከዚያ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። በዚያው ቀን ለአይናለም ተደወለ፤ የልጆችን ደህንነት የምትከታተል ሶሻል ወርከር ቤት ልትመጣ ነው።

አይናለም ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ እኔ ወረደች።

«እትዬ ጽጌ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ማን አባቱ ነው የሚወስድብሽ?» አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ በሩን ከኋላዋ ቆለፍኩት። እዚህ ሰፈር ሶሻል ከተባለ ሌላ ወሬ የለም፣ ልጅ ይወስዳሉ ነው።

ሴትዮዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት፣ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምክንያት አሳጣችኝና ይበልጥ ተናደድኩ። አስተርጓሚው በስልክ ነው። አይናለም ታስረዳለች፤ እሱ «በእኔ ሞት ብዪ፣ እኔ አፈር ስሆን ብዪ» እያለ ቃል በቃል ለፈረንጇ ያቀብላል። አላስቻለኝም።

«አንተ ልጅ፣ አንተን እናትህ አላጎረሰችህም?»

«አጉርሳኛለች፣ እትዬ» አለና እንደገና በወጉ ተረጎመው፤ እባክሽ ማለት ነው፣ ስለምወድሽ ብዪልኝ ማለት ነው አላት። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ ግን ወደ ማህደር ዞር ብላ የሚያስፈራሽ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ አትበላም» አለች ማህደር። «እኔን ታበላኛለች። እሷ ግን ምንም አትበላም።»

አይናለም መሬት መሬት ታያለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏት ኖሯል፤ ደሜ ፈላ። ከአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሴትዮዋ ልጅሽን የሚወስድ የለም፣ አንቺ ግን ሐኪም ማየት አለብሽ ብላ፣ ቀጠሮውንም ራሷ ልታስይዝላት ቃል ገብታ ሄደች።

የሠራሁትን ምስር ወጥ ይዤ ወጣሁና ሦስታችንም ቀረብን። አይናለም ጠቅልላ ወደ ማህደር እጇን ዘረጋች። «በ...» አለችና ቃሉን ዋጠችው። ዝም ብላ አጎረሰቻት። ቀጥሎም እንዲሁ ዝም። ለምዶብኝ ነው መሰለኝ፣ ዝምታው ከለቅሶው ቤት የባሰ ሆነብኝ።

ማህደር የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ በትንንሽ ጣቶቿ እንጀራ ቆረሰች፣ እንደነገሩ ጠቀለለችና ወደ እናቷ አፍ ዘረጋችው።

«በሞቴ፣ እማዬ። ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን።»

አይናለም ደነገጠች። የልጅቷን እጅ ያዘች። «ተይ፣ ማሂዬ። አንቺ እንደሱ አትበዪ። ሁለተኛ እንዳልሰማሽ።»

«ለምን? እባክሽ ማለት ነው ብላችኋል እኮ።»

ማህደር እጇን አላጠፈችም። ወጡ በክንዷ ላይ ይወርዳል። አይናለም ወደ እኔ አየች። አፏን ከፈተች።