የአባቴ ደምና የእናቴ ቁርስ

አባቴ ሁለት ጊዜ ታመዋል፤ አንዴ በካላዛር፣ አንዴ በምርመራው። ካላዛሩን መርፌ አዳነው። ለምርመራው ግን ከመጠበቅ በቀር መድኃኒት አልተገኘለትም።

በፎገራ ሜዳ፣ ርብ ወንዝ ዳር ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ቄስ ነበሩ፤ እንደ አገራችን ቄሶች ሁሉ ገበሬም ናቸው። በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ማሳችንን ሲበላው፣ ሰሊጥ አጨዳ ብለው ከጎረቤት ጋር ሑመራ ወረዱ። ሲመለሱ የቆላው በሽታ ካላዛር ይዟቸው ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል፣ እግራቸው ሰልሏል፤ ሆዳቸው ብቻ ጣፊያው አብጦ ተወጥሯል። ከሁሉ የከፋው ነስሩ ነበር፤ ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ አይገባም። እናቴ ሞታቸውን ፈርታ ስታለቅስ፣ እሳቸው የሚያለቅሱት ቅዳሴ ቀረብኝ ብለው ነው። በዚህስ እስከ ዛሬ እቀየማቸዋለሁ።

ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው በየቀኑ መርፌ ተወጉ። ነስሩ ቆመ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ጣፊያውም ወደ ቦታው ገባ። ቤት ሲገቡ የነፍስ አባታቸው የሆኑት ሽማግሌ ካህን መጥተው፣ «ደምዎ ጠራ እስኪባል ድረስ ጾም እንዳይዙ። ጠዋት ጠዋት ይብሉ» ብለው አዘዟቸው። ጠዋት የበላ ደግሞ አይቀድስም። ስለዚህ አባቴ ወደ መቅደሳቸው የሚመለሱት ደማቸው ሲመሰክርላቸው ብቻ ሆነ።

እኔ ያኔ ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። በገበያ ቀን አባቴ በበቅሎ፣ እናቴ በእግሯ ይመጡና ጤና ጣቢያ አደርሳቸዋለሁ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ መስቀል ይሳለማል፣ ከዚያ ደም ይቀዳል። ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ይለይና፣ ፎርማሊን የሚሉትን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ጠብ ያደርግበታል። የጤነኛ ሰው እንደ ውሃ ሆኖ ያድራል። የካላዛር ሕመምተኛ ከሆነ ግን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ቱቦውን ቢደፉት እንኳ አይፈስም። ገበያ ውለን ስንመለስ የአባቴ እንደዚያ ረግቶ ጠበቀን።

«ይኸማ እንቁላል ነው!» አሉ አባቴ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንች ነሽ! ጠዋት ማታ እንቁላል እየጋትሽ ደሜን እንቁላል ያረግሽው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል ቀረ። የቀረው ግን አባቴ የሚያዩት እንቁላል ነው፤ እናቴ እየመታች በወተት ታጠጣቸው ነበር። በሚቀጥለው ምርመራ ደሙ አሁንም ሲረጋ የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ባለሙያውን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ልጀ፣ እኔ ነኝ የገደልኋቸው። በወተት ደብቄ አበላኋቸው» አለችው።

ልጁ ሳቁ አላስችል ብሎት ግድግዳ ተደገፈ። «እናቴ፣ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ቢያበሏቸው እዚህ ቱቦ ውስጥ አይገባም» አላት።

ከዚያ አባቴን አስቀምጦ አስረዳቸው። ምርመራው የበሽታውን ተባይ ራሱን አያይም፤ የሚያየው ደም ተባዩን ለመዋጋት ያበዛውን ነገር ነው። ተባዩ ካለቀ በኋላም ያ ነገር ከደም ቶሎ አይወጣም፣ ወራት ይፈጃል። «እኔ ጣፊያዎን ስዳስሰው ድነዋል ነው የምለው፤ ቱቦው ነው ገና ያልሰማ» አላቸው። ቁርጡን ማወቅ ከፈለጉ ግን ጎንደር ሄደው ጣፊያቸው በመርፌ ተወግቶ ሊታይ ይችላል።

«ኧረ በማርያም! የዳነ ጎን ማን ያስወጋል?» አለች እናቴ።

እኔ ደሜ ፈላ። «ታዲያ ይኸ ምን ምርመራ ነው? ሲታመሙ ለመናገር ይጣደፋል፣ ሲድኑ አፉን ይይዛል!» ብዬ ጮኽሁ።

አባቴ ፈገግ አሉ። «ተይው ልጀ። ሰው ኃጢአቱን ትቶ ሲናዘዝ ቀኖና እሰጠው የለ? ኃጢአቱን ትቷል፤ ቀኖናውን ሳይጨርስ ግን አይቆርብም። የእኔም ደም ቀኖናውን አልጨረሰም።» ያን ቀን እንደወደድኋቸው ወድጃቸው አላውቅም።

ቀኖናው ረዘመ። አባቴ እሑድ እሑድ በቅዳሴ እያመካኙ ይሸሹት የነበረው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ እንኳ አልቀረላቸውም። ካላዛር የጀመረውን ስብሰባው ሊጨርሰው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ ግን ሌላ ነገር አይ ነበር። እናቴ ከተጋቡ ጀምሮ ከባሏ ጋር ቁርስ በልታ አታውቅም። ሰሞነኛ ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ፤ ባይሆኑም ጾሙ አለ፣ እርሻው አለ። በዚያ ዓመት ግን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። በጾም ቀን እሷ ባትቀምስም ከአጠገባቸው አትጠፋም። እሳቸው የቆሎ ተማሪ ሳሉ በየመንደሩ ያባረራቸውን ውሻ ሁሉ እያነሡ ያወሩላታል፤ የእሷ ሳቅ እስከ በረቱ ድረስ ይሰማል። እናቴ እንደዚያ መሳቅ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ረስቻለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ቱቦው አልረጋም። ባለሙያው «ይደር» አለና እኔ ቤት አደሩ። ጠዋት ቱቦውን ሲደፋው ወረደ፤ ውሃ ነው። አባቴ ግድግዳውን ተሳልመው «ተመስገን» አሉ፤ እናቴ እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ወደ ቤት ስሸኛቸው ግን ከበቅሎው ኋላ እግሯን እየጎተተች ቀረች።

«ምነው እማ?» አልኋት።

«ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።»

ዛሬ መዳንን ቶሎ የሚናገር የደም ምርመራ እየተፈለገ ነው ሲባል እሰማለሁ። ይገኝ፤ አባቴ በዚያ ዓመት የዋጡትን ጭንቀት ማንም አይዋጠው። ያኔ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን እናቴ ያን ሁሉ ጠዋት ከየት ታገኘው ነበር?

አባቴ እንደገና ሰሞነኛ በሆኑበት ሳምንት ትምህርት ተዘግቶ እቤት ነበርሁ። የፍስክ ቀን ነው። ፀሐይ ወጥታ በርትታለች፤ ወተቱ ተከድኖ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሁለት ዋንጫ አለ። እናቴ ጉሮሮዋን አላረጠበችም። አባቴ ከቅዳሴ ሲገቡ ዋንጫዎቹን አዩና ቆሙ።

«አንች፣ እስካሁን ሳትበይ?»

«ለብቻየ አይወርድልኝም» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አባቴ ጥምጥማቸውን አውልቀው ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ ወተቱን አነሡና መጀመሪያ ለእሷ ቀዱላት። እሳቸው ለእናቴ ሲቀዱ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።