ጠብታ ውሃ የሌለበት ወተት

ጋሽ ጠብታ ያለው ሠፈሩ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በብስክሌቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቢዶን ወተት አንጠልጥሎ በየደጁ ሲዞር፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚምላት አንዲት መሐላ ነበረችው፦ «ጠብታ ውሃ ቢገኝበት እጄን ይቁረጠው!» ደግሞም እውነቱን ነው፤ ውሃ ጨምሮ አያውቅም። በታችኛው መንገድ የሚሸጠውን ተፎካካሪውን ግን «ቧንቧው» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ።

ሁለት ላሞች አሉት። የጥቁሯ ጡት በየጊዜው ያብጣል። መጀመሪያ ያበጠ ጊዜ የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ፣ መድኃኒቱን አምስት ቀን እንዲወጋት፣ ከዚያም በኋላ አራት ቀን ጨምሮ ወተቷን እንዲደፋ ነገረችው። እሱ ሆዬ ሁለት ቀን ወጋና ጡቷ ለስለስ ሲል አቆመ። የተረፈውን ብልቃጥ መስኮቱ ላይ፣ ከምላጩ ጎን አስቀመጠው፤ ለሚቀጥለው ይሆናላ! በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረገ፣ ከዚያ በኋላም። ወተት መድፋቱንማ አታንሱበት። ነጭ ነው፣ አይሸትም፣ ውሃ የለበትም፤ ታዲያ ምን ጎደለው?

ነገሩን ያወጣው እርጎ ነው። ሚስቱ በየቀኑ ትንሽ ወተት አስቀርታ እርጎ ታረጋለች፤ የእሷ እርጎ በማንኪያ ሲቆረጥ ጠርዙ እንኳ አይፈርስም። በዚያ ሳምንት ግን አልረጋም አለ። አንድ ቀን ጠበቀች፣ ሁለት ቀን ጠበቀች፣ ወተቱ እንደ ውሃ ይንቦጫረቃል። ጋሽ ጠብታ አፉን ከፈተባት፦ ዕቃው አልታጠበም ይሆናል፣ እርሾው አርጅቷል፣ ምናልባትም ባለእርሾዋ አርጅታለች። ሴትየዋ ግን የሁለቱን ላሞች ወተት ለየብቻ፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ እርሾ አስቀመጠች። በማግስቱ የቀይዋ እንደ ድሮው ረግቶ ተገኘ፤ የጥቁሯ ፈሳሽ እንደሆነ ቀረ። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና ብልቃጡን ከመስኮቱ አንስታ መካከላቸው ቁጭ አደረገችው።

«አንተ ሰው፣ እጄ አንድ ነው። ላሞቹ ናቸው ሁለት» አለችው።

ያን ጊዜ እንኳ ባልተበገረ ነበር፤ ግን የጥቁሯ ጡት በዚህኛው ዙር ቢወጋም ቢወጋም አልለሰለሰም። ሐኪሟን ጠራት። ናሙና ወስዳ አስመረመረችና ከቀናት በኋላ ተመለሰች። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ያስለመደው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ቀን ብቻ እያቀመሰ። ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱም እንደዚያው ከተቆራረጠ የቀረው ቢላዋ ነው አለችው። እንዲህ ያለ ጀርም ደግሞ ከላም ወደ ሰው መሻገር ያውቃል። ወተቱን ብናፈላውስ ብሎ ጠየቃት። ሲፈላ ጀርሙ ቢሞትም፣ እርጎውን እንዳይረጋ ያደረገው መድኃኒት ግን ከወተቱ እንደማይጠፋ ነገረችው። ጋሽ ጠብታ ፈራ፤ ስለ ላሚቱም፣ ስለ ስሙም።

ስለዚህ አዲሱን መድኃኒት አምስቱንም ቀን ወጋ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉም የጥቁሯን ወተት ከአጥሩ ጥግ በቆፈረው ጉድጓድ ደፋ። አጥር ደግሞ ዓይን አለው። በሦስተኛው ቀን ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፦ ጋሽ ጠብታ ውሃ ሲጨምር ተይዞ፣ ተቆጣጣሪ ወተቱን እያስደፋው ነው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ የሰማው በመጨረሻ፣ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ የዓመት ከመንፈቅ ሴት ልጇን በእሱ ወተት ነው ያሳደገችው።

«ጋሼ» አለችው፣ ልጇን እንዳዘለች፤ «እውነቱን ይንገሩኝ። ውሃ ነበረበት?»

ያቺ መሐላ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። እንደዚያን ቀን እውነት ሆና አታውቅም! እጁን ዘርግቶ ቢምል ስሙ በአንድ ቃል ይመለስ ነበር። ሕፃኗ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ቢዶኑን ስታይ ሳቀች፤ ታውቀዋለች።

«ምነው ውሃማ በሆነ» አላት።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ብልቃጡን፣ ሁለት ሁለት ቀኑን፣ ያልረጋውን እርጎ። አሁን ይዞ የሚዞረው የቀይዋን ብቻ እንደሆነም ነገራት። ሴትየዋ ቆማ ጨርሳ ሰማችው። ልጇን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

«አይቀየሙኝ ጋሼ። ከነገ ጀምሮ ከቧንቧው ነው የምወስደው። እሱ ቢያንስ የሚጨምረው ውሃ ነው።»

አልተቀየመም፤ በምን አፉ ይቀየማል? ብስክሌቱን እየገፋ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደ። ደንበኛው ጆግ ይዞ ወጣ፣ ምንም አልጠየቀውም። ጋሽ ጠብታም ሃያ ሁለት ዓመት ሳይጠየቅ እንደማለ ሁሉ፣ ሳይጠየቅ ይነግረው ጀመር።